የቢሊ ራይትን የእግር ኳስ ሕይወት በትክክል ለመጻፍ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦
ለአንድ የሬዲዮ ስፖርት ዝግጅት ስለ እንግሊዛዊው ቢሊ ራይት የአሥር ደቂቃ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። የእንግሊዙን ክለብ ዎልቭስን (ዎልቨርሃምፕተን ዋንደረርስን) በአምበልነት እየመራ የ1949ን የኤፍኤ ካፕ እንዳነሳ፣ በ1954፣ በ1958 እና በ1959 የሊግ ሻምፒዮን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የተቸገርሁት በሁለት ነገር ነው። አንዱ ጽሑፍ አማካይ፣ ሌላው የመሐል ተከላካይ ይለዋል፤ የትኛውን ልያዝ? ደግሞስ «ታማኝ ተጫዋች» ብል፣ የዛሬውን የዝውውር ገበያ የለመደ አድማጭ ነገሩን በትክክል ይረዳልኛል? የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ 1፦
ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ልዩነቱ የዘመን ነው። ራይት እስከ 1954 ድረስ የተጫወተው በአብዛኛው ያኔ «ሃፍ ባክ» ይባል በነበረው የአማካይ ቦታ፣ ኳስ እየነጠቀ ለአጥቂዎች በማቀበል ነበር። በዚያ ዓመት በስዊዘርላንዱ የዓለም ዋንጫ እንግሊዝ ከቤልጂየም ጋር 4 ለ 4 ስትለያይ የመሐል ተከላካዩ ሲድ ኦወን ተጎዳ፤ ራይት ቦታውን ሸፈነ፣ በዚያው ጸና። ለመሐል ተከላካይ አጭር ቢሆንም በዝላዩና የኳሱን ማረፊያ ቀድሞ በማንበብ ረጃጅም አጥቂዎችን ይቋቋም ነበር።

ይህን መለየት የሚጠቅምዎት በተለይ ስለ ኅዳር 1953ቱ የዌምብሌይ ጨዋታ ሲጽፉ ነው። ሃንጋሪ እንግሊዝን 6 ለ 3 በረታችበት በዚያ ቀን፣ የሃንጋሪው አጥቂ ፑሽካሽ በግቡ አጠገብ ኳሱን በጫማው ሶል ወደ ኋላ ሲስበው ራይት ተንሸራቶ ባዶ ቦታ ላይ ቀረ፤ ፑሽካሽም ወዲያው በግራ እግሩ መትቶ አገባ። ብዙዎች ይህንን የመሐል ተከላካዩ ራይት ስሕተት አድርገው ያወራሉ። የዚያን ቀን የመሐል ተከላካይ ግን ሃሪ ጆንስተን ነበር፤ ራይት የቀኝ ሃፍ ባክ ነበር። እባክዎ ይህንን ስሕተት አይድገሙት።

መልስ 2፦
«ታማኝ» የሚለውን ቃል አይተዉት፤ ነገር ግን የዘመኑን ሕግ አብረው ይንገሩ። በዚያን ጊዜ የተጫዋቹ ውል ቢያልቅም ክለቡ ምዝገባውን ይዞ ማስቀረት ይችል ነበር፤ የደመወዝ ጣሪያም ስለነበረ ራይት ባቆመበት በ1959 ከፍተኛው የሳምንት ክፍያ 20 ፓውንድ ብቻ ነበር። ጣሪያው የተነሣው በ1961 ሲሆን፣ ተጫዋችን ይዞ የማስቀረቱን ሥርዓት ፍርድ ቤት የነቀፈው ደግሞ በ1963 ነው። ስለዚህ ወደ ሌላ የእንግሊዝ ክለብ ቢዛወር እንኳ ደመወዙ ከጣሪያው አያልፍም ነበር። ሆኖም ክለቡ ከፈቀደ መሄድ ይቻል ነበር፤ ዌልሳዊው ጆን ቻርልስ በ1957 ከሊድስ ወደ ጁቬንቱስ ተዛውሯል።

እኔ የራይትን ታማኝነት የምለካው በመቅረቱ ብቻ ሳይሆን በየሳምንቱ በመገኘቱ ነው። ለዎልቭስ 541 ጊዜ ተሰልፏል፤ ለእንግሊዝ ካደረጋቸው 105 ጨዋታዎች 90ውን በአምበልነት መርቷል፤ 70ው ደግሞ አንድም ሳይቋረጥ በተከታታይ የተደረጉ ናቸው። ጽሑፍዎ በዚህ ላይ ቢቆይ ደስ ይለኛል።

መልስ 3፦
ሁለት ማረሚያ ልጨምር። «ቢጫ ካርድ አይቶ አያውቅም» ብለው አይጻፉ፤ ካርድ በዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ የዋለው በ1970 ነው። ዳኛ ስሙን መዝግቦበት አያውቅም ቢሉ ይበቃል። «ሌላ ማሊያ አልለበሰም» ማለትም አያስኬድም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እንደ ብዙ ተጫዋቾች ሁሉ፣ ለሌስተር ሲቲ በእንግድነት ተጫውቷል። ከ1962 እስከ 1966 አርሰናልን ያሠለጠነበት ዘመን ዋንጫ ያልተገኘበት ስለሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያልፉት ይበቃል።

ከጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የፑሽካሽን ግብ ልክ እንደተባለው በስሕተት ጽፌው ስለነበር አስተካክያለሁ። መግቢያዬን ደግሞ በሚያዝያ 1959 እንግሊዝ ስኮትላንድን 1 ለ 0 ባሸነፈችበት፣ ራይትም በዓለም የመጀመሪያው ባለ 100 ጨዋታ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች በሆነበት ቀን እጀምረዋለሁ።