ሲጋራ፣ መጠጥና ድባቴ አንድ ላይ ያለበት ታካሚ፦ ከየቱ ልጀምር?

ጀማሪዋ ነርስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጉሮሮ ካንሰር ያለበት ታካሚ ከ10 ቀን በኋላ ጨረር ይጀምራል። በቀን አንድ ፓኬት ያጨሳል፣ በየቀኑ ጠንካራ መጠጥ ይጠጣል፣ ከሰውም ርቋል። ሁለቱንም ዛሬውኑ ያቁም ልበለው? ቡፕሮፒዮን ለሲጋራም ለድባቴም ስለሚሰጥ በአንድ ኪኒን መገላገል አይቻልም?

ሱስ ክፍል፦
እህቴ፣ ሲጋራውን ዛሬ ቢተው ደስ ይለናል፤ የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ የደሙን ኦክስጅን ይሻማል፣ ኦክስጅን ያነሰው ዕጢ ደግሞ ጨረርን ይቋቋማል። መጠጡን ግን በድንገት እንዳያስቆሙት። «ይጠጣሉ?» ብለሽ ከጠየቅሽው «አልፎ አልፎ» ይልሻል። «ትናንት ስንት መለኪያ ጠጡ? የመጨረሻው ስንት ሰዓት ላይ ነበር? ከዚህ በፊት ሲያቆሙ ተንቀጥቅጠው ያውቃሉ?» በይው። ላብና የእጅ መንቀጥቀጥ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ የሚጥል መንቀጥቀጥ እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊመጣ ይችላል፣ አደገኛው መቃዠት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ነው። ስለዚህ በሐኪም ክትትል፣ ቤንዞዲያዜፒን (የሚያረጋጋና መንቀጥቀጥን የሚከላከል የመድኃኒት ዓይነት) እየተሰጠው ይቁም፤ ጉበቱ ከተጎዳ ከእነዚህ ውስጥ ሎራዜፓም ይመረጣል። ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ከግሉኮስ በፊት ይሰጠው። ይህን ዛሬ ካልጀመራችሁ፣ ፊቱ ላይ ጭምብል ታስሮ ሳይነቃነቅ መተኛት ባለበት ሰዓት ሲንቀጠቀጥ ታገኙታላችሁ፤ የጨረሩ ቀጠሮ ተቋረጠ ማለት ነው።

ፋርማሲስት፦
ቡፕሮፒዮን ለዚህ ሰው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው፤ መድኃኒቱ ራሱ ለሚጥል መንቀጥቀጥ ያጋልጣል። ካንሰሩ ወደ አንጎል ለተሰራጨበትም አይሆንም። ለጡት ካንሰር ታሞክሲፌን ለምትወስድ ሌላ ታካሚ ደግሞ የድባቴ መድኃኒቶቹ ቡፕሮፒዮን፣ ፓሮክሴቲንና ፍሉኦክሴቲን ታሞክሲፌኑ ወደሚሠራው መልኩ እንዳይለወጥ ስለሚያግዱ ቬንላፋክሲን ይሻላል።
ለሲጋራው የኒኮቲን ፓች (ቆዳ ላይ የሚለጠፍ) ስጡት፦ 21 ሚ.ግ. ለ6 ሳምንት፣ 14 ለ2 ሳምንት፣ 7 ለ2 ሳምንት። በየጠዋቱ ቦታ ይቀያየር፣ ጨረር የሚያርፍበት አንገት ላይ አይለጠፍ፣ ቅዠት ካስቸገረው ማታ ይነቀል። የኒኮቲን ማስቲካው ጨረሩ ያቆሰለውን አፍ ያቃጥላል።
ብዙዎች የሚረሱት፦ ጭሱ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርግ ነበር። ሲጋራው ሲቀር ያው የቡና መጠን ይከማችና እንቅልፍ ይነሳል፤ ጥፋቱ በፓቹ ይሳበባል። ቡናውን በግማሽ ይቀንስ። ለማቅለሽለሽ ኦላንዛፒን የሚወስድ ከሆነም መጠኑ ይታይ።
ሞርፊን ወይም ትራማዶል ከተጀመረለት ደግሞ ለመጠጡ ናልትሬክሶን አይታሰብ፤ የሕመም ማስታገሻውን ይዘጋበታል።

የአእምሮ ጤና፦
ድካም፣ ምግብ አለመፈለግና እንቅልፍ ማጣት ከካንሰሩም ከሕክምናውም ስለሚመጡ በእነሱ ብቻ አትፍረጂ። ድሮ ደስ ይለው የነበረው ነገር አሁን ደስ ይለው እንደሆነ፣ ተስፋ መቁረጥና ራስን መውቀስ እንዳለበት ጠይቂ። በፒኤችኪው-9 (ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድባቴ መለኪያ) መጠይቅ 10 ነጥብና ከዚያ በላይ ካገኘ ሐኪም ይየው። 9ኛው ጥያቄ ሞትንና ራስን መጉዳትን ነው የሚመለከተው፤ «አዎ» ካለ ጠቅላላ ነጥቡ ዝቅ ቢልም በዚያው ቀን ይታይ፣ ብቻውን አይተው። አለበለዚያ መጠጡን ካቆመ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ በመጠይቁ ደግመሽ ድባቴውን መዝኚው፤ መጠጡ ራሱ ያመጣው ድባቴ ብዙ ጊዜ ይቀልላል። ካልቀለለና እየከሳ ከሆነ ሚርታዛፒን የተባለው የድባቴ መድኃኒት ማታ ማታ እንቅልፉንም የምግብ ፍላጎቱንም ያግዘዋል። ዴክሳሜታዞን (ስቴሮይድ መድኃኒት) ላይ ከሆነ ግን ጸባዩን የለወጠው እሱ ሊሆን ይችላል።

ጀማሪዋ ነርስ፦
ፓቹን ለጥፎ አንድ ሲጋራ ቢያጨስስ?

ፋርማሲስት፦
ፓቹን አይንቀል። በማግስቱ አዲስ ይለጥፍና ይቀጥል፤ አጫጭሶ መደበቅ ከጀመረ ግን መጠኑ አንሶበት ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙን አነጋግሩ።