የኤሌክትሪክ ግሪድ ለሦስት ከፋፍዬ ስፈታ አልስማማ አሉኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ጠያቂ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ። ያለሁት ጅማ ነው፣ የማስተርስ ቴሲስ ላይ ነኝ። ሀሳቡ እንደ ኢትዮጵያ፣ ኬንያና ጅቡቲ የተገናኙ ግሪዶች አንዱ የሌላውን የጀነሬተር ወጪና የኔትወርክ ዳታ ሳያይ የድንበሩን ቁጥር ብቻ እየተለዋወጡ ርካሹን የፓወር ፍሰት በጋራ እንዲያገኙ ነው፣ በኤዲኤምኤም (ችግሩን ከፋፍሎ በየዙሩ እየፈታ መልሶቹን የሚያስማማ የስሌት ዘዴ)። ለሙከራ ባለ 39 ባሱን (ባስ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ ነው) የኒው ኢንግላንድ የሙከራ ሲስተም ለሦስት ከፍዬ በዲሲ ኦፒኤፍ (ስሙ ዲሲ ቢሆንም ለኤሲ ግሪድ ርካሹን ፍሰት የሚፈልግ ቀለል ያለ ስሌት) ጀመርኩ፣ ግን 200 ኢትሬሽን (ዙር) ሄዶም ሪሲጁዋሉ (የቀረው አለመስማማት) ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ወጪውም ሁሉን አንድ ላይ ስፈታው ከሚመጣው ይበልጣል። ሮ (ላለመስማማት የሚጣለው ቅጣት ክብደት) 1 ነው ያደረኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮዱን ሳገላብጥ ነው የከረምኩት።

መልስ 1፦ እህቴ መጀመሪያ ስላክ ባስሽን (የሌሎቹ ባሶች የቮልቴጅ አንግል የሚለካበት መነሻ፣ ሪፈረንስ) እዪ። ለየኤሪያው አንድ አንድ ስላክ ሰጥተሽ አንግሉን ዜሮ አድርገሽው ከሆነ ችግሩ እሱ ነው። በኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) መስመር የተገናኘ ሲስተም አንድ ሪፈረንስ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ሦስት ቦታ ዜሮ ስትይ ማንም ያልጠየቀሽን ሁለት ገደብ ጨመርሽ ማለት ነው፣ ወጪው የበለጠውም ለዛ ይመስለኛል። አንዱን ትተሽ ሁለቱን ልቀቂያቸው፣ አንግላቸውን ከድንበሩ ስምምነት ያገኙታል።

ጠያቂ፦ ኧረ እግዜር ይስጥልኝ!! ሦስቱም ጋ ዜሮ ነበር። አሁን ወጪው ወደ ትክክለኛው እየተጠጋ ነው፣ ግን በጣም ይንቀረፈፋል።

መልስ 2፦ ሮ 1 በሜጋዋት ነው ወይስ በፐር ዩኒት (ቁጥሩ ለአንድ መነሻ መጠን ተካፍሎ)? በፐር ዩኒት ከሆነ ከወጪው አንፃር በጣም ትንሽ ነው። ፕራይማል ሪሲጁዋሉን (ክፍሎቹ ስንት እንደሚለያዩ) እና ዱዋሉን (የተስማሙበት ቁጥር ከዙር ዙር ስንት እንደተቀየረ) ለየብቻ ፕሪንት አድርጊ፣ ፕራይማሉ ከዱዋሉ 10 እጥፍ ካለፈ ሮን በ2 አባዢ፣ ተቃራኒው ከሆነ በ2 አካፍዪ፣ የተለመደው እሱ ነው። ብቻ ሁሌ አትለዋውጪው፣ ከተወሰነ ኢትሬሽን በኋላ እንዳለ ተዪው። ስኬልድ ላምዳ (ለሮ የተካፈለ ላምዳ፣ ላምዳ ማለት የድንበሩ ስምምነት ዋጋ ነው) የምትጠቀሚ ከሆነ ደግሞ ሮ በተቀየረ ቁጥር እሱም መስተካከል አለበት፣ እኔ ይሄን ረስቼ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል።

መልስ 3፦ አንድ ነገር ልጨምር። የኢትዮ ኬንያው መስመር ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ 500 ኪሎቮልት ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ነው፣ እስከ 2000 ሜጋዋት ይችላል። ዲሲ ስለሆነ የሁለቱን አገር አንግል አያስተሳስርም፣ እዛ ድንበር ላይ አንግል ማስማማት የለብሽም፣ በመስመሩ የሚሄደውን ፓወር ብቻ አስማሚ፣ የመስመሩን ሎስም አስገቢ። ስለዚህ ኬንያ በዚህ መስመር ብቻ ከተገናኘች የራሷ ሪፈረንስ ያስፈልጋታል፣ ከላይ ያለው አንድ ሪፈረንስ በኤሲ ለተያያዙት ነው። የጅቡቲው ግን 230 ኪሎቮልት ኤሲ ነው፣ እዛ አንግሉ ግድ ነው።

ጠያቂ፦ ይሄንንማ ጭራሽ አላሰብኩትም፣ ሞዴሉን እንደገና እፅፈዋለሁ። ሮን እየቀያየርኩ ሳስኬደው ግን ማታ 3 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ሞቷል፣ 140ኛው ላይ ነበርኩ ሁሉም ጠፋ።

መልስ 2፦ አይዞሽ። በየ10 ኢትሬሽኑ ላምዳውን፣ ሮንና የድንበሩን ቁጥሮች ፋይል ላይ ሴቭ አድርጊ፣ ሲመለስ ከዛው ትቀጥያለሽ፣ የውስጡ ቁጥር እንደገና ሲፈታ ራሱ ይመጣል።