«ንስር» የትኛው ወፍ ነው?

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ እስራኤል ነው ያደገችው። ሰሞኑን የአንድ ራሰ በራ አሞራ ፎቶ ላከችልኝና «ነሼር» አለችኝ። ይሄማ ጥንብ አንሳ ነው ስላት ሳቀችብኝ። ነሼር የኛው ንስር አይደል እንዴ? ማናችን ነን የተሳሳትነው?

መልስ፦ ማናችሁም። ቃሉ አንድ ነው፣ ወፉ ነው የተለያየው። በዕብራይስጥ የወፍ ባለሙያዎች ነሼር የሚሉት ጥንብ አንሳውን ነው፤ የኛን ንስር «ዓይት» ይሉታል። አረብኛውም ያው ነው፣ ነስር ጥንብ አንሳ፣ ዑቃብ ንስር። እኛ ጋ ስሙ ለአዳኙ ሆነ። ሚክያስ 1፥16ን እዩት፣ እንደ ንስር ራሰ በራ ስለመሆን ያወራል። የቱ ንስር ነው ራሰ በራ? ባሌ ተራሮች ላይ ያለው ወርቃማ ንስር እንኳን አናቱ እግሩም እስከ ጣቱ ላባ ለብሷል። ማቴዎስ 24፥28 ላይ ደግሞ ግሪኩ ንስሮች ሲል የአማርኛው ተርጓሚ «በድን ወዳለበት በዚያ አሞራዎች ይሰበሰባሉ» አለ። በድን ላይ ማን እንደሚያርፍ ያውቃላ!

ሌላ አባል፦ እሺ፣ «አንሳ» የተባለውስ ምን አንስቶ ነው?

መልስ፦ እሱን ወድጄዋለሁ። ንስር ያደነውን በጥፍሩ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ጥንብ አንሳ ግን ጥፍሩ ደካማ ስለሆነ እዚያው ይበላና በጉሮሮው ከረጢት ይዞ ይበራል። ስለዚህ እንደኔ «ገበታ አነሳች» እንደምንለው ነው፣ ማጽዳት።

በዘር ሁለቱም አክሲፒትሪዴ የሚባል አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ወገናቸው ነው የሚለየው፤ ወርቃማው ንስር አኩዊላ፣ የፎቶው ወፍ ጂፕስ። የሚያናድደው ሌላ ነው። ወርቃማው ንስር የእንስሳት የመጥፋት ስጋት በሚመዘንበት በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ብዙም ከማያሰጉት ነው። አገራችን ያለው የሩፔል ጥንብ አንሳ ግን (ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎንደር ድረስ የመጣ ጀርመናዊ ነው) ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊጠፉ አፋፍ ላይ ካሉት ተመድቧል። ዋናው ጠላቱ መርዝ ነው፤ ለጅብ ተብሎ የተመረዘ አንድ በድን ላይ መንጋው ሁሉ ያርፋል።

ሌላ አባል፦ ታዲያ «እንደ ንስር ከፍ በል» የሚሉት ምርቃትስ?

መልስ፦ በ1973 እ.ኤ.አ. አይቮሪ ኮስት፣ አቢጃን ላይ 11,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨው የሩፔል ጥንብ አንሳ ነው። ከዚያ በላይ የበረረ ወፍ አልተመዘገበም። ግን ሙሽራ ፊት ቆማችሁ «እንደ ጥንብ አንሳ ከፍ በሉ» እንዳትሉ፣ አደራ።