ስኮትላንድን ለበዓል ማየት፦ ለአዲስ ዓመት ይሻላል ወይስ ኦገስት ላይ?

ቤቲ_በርሚንግሃም፦
ሰላም ለሁላችሁ! እህቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ልትመጣ ነው፣ እና "ስኮትላንድን ሳላይ አልመለስም፣ ያንን ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ባግፓይፕ ሲነፉ በዓይኔ ማየት አለብኝ" ብላ ድርቅ ብላለች። ቀኑን ገና አልቆረጥንም፣ ወይ ለፈረንጆች አዲስ ዓመት ወይ ኦገስት ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ሁሉም ኤድንብራ ኤድንብራ ነው የሚለው፣ እኔ ግን ለቱሪስት ተብሎ የተዘጋጀ ብቻ ሳይሆን ያገሬው ሰው ራሱ የሚደሰትበትን ብናይ ደስ ይለኛል። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ መኪና የለኝም፣ እህቴ ደግሞ ብርድ ላይ የለችበትም። የሄዳችሁ ካላችሁ እስቲ ምከሩኝ፣ የቱ ነው ገንዘቡን የሚያወጣው?

ኪዳኔ_ዘአበርዲን፦
ቤቲ እኔ ለአዲስ ዓመት ነው የምልሽ። እዚህ አገር ዋናው በዓል ገና ሳይሆን አዲስ ዓመት ነው፣ ሆግማኔይ ይሉታል። ድሮ ከተሐድሶው በኋላ ቤተ ክርስቲያናቸው ገናን የካቶሊክ ነገር ነው ብላ ስለከለከለች ሰዉ ለዘመናት በገና ቀን ሥራ ይገባ ነበር፣ ገና እዚህ ዝግ ቀን የሆነው በ1958 ነው ብልሽ ታምኚኛለሽ? ስለዚህ ጭፈራው ሁሉ ዲሴምበር 31 ላይ ተከማቸ። እናንተ ጋ ጃንዋሪ 1 ብቻ ነው ዝግ፣ እዚህ 2ም ዝግ ነው፣ ስካሩ እንዲለቃቸው መሰለኝ ሃሃሃ

ኤድንብራ ያለው ትልቁ ፓርቲ ፕሪንስስ ስትሪት ላይ ነው፣ በቲኬት ነው የሚገባው፣ ርችቱ ካስሉ፣ ማለት የከተማው የድሮ ምሽግ ላይ ነው የሚተኮሰው። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ነፋስ ከበረታ ይሰረዛል፣ በ2024 እንደዛ ሆኖ ከየአገሩ የመጣ ሰው በሆቴል መስኮት ዝናብ ሲያይ አመሸ፣ ስለዚህ ሁሉን ነገር እሱ ላይ አትጣዪ።

እኔ የምወደው ስቶንሄቨንን ነው፣ ከአበርዲን በባቡር ሃያ ደቂቃ አይሞላም፣ ባህር ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ልክ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን የከተማው ሰዎች የሽቦ ቅርጫት ውስጥ የሚነድ ነገር ጠቅጥቀው እሳት ይለቁበትና በረጅም ሽቦ ይዘው ከራሳቸው በላይ እያሽከረከሩ በዋናው መንገድ ይሄዳሉ፣ መጨረሻ ላይ ወደቡ ውስጥ ይወረውሩታል። ከፊት ቆማችሁ ናይሎን ጃኬት እንዳትለብሱ፣ ፍንጣሪው ይበሳዋል። ማደሪያ ደግሞ ቀድመሽ ያዢ፣ ምክንያቱም የዛን ቀን ባቡር በጊዜ ነው የሚያቆመው፣ በማግስቱም ብዙው መስመር አይሠራም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው ሰው ጥቁር ፀጉር ያለው ወንድ ከሆነ ለቤቱ ዕድል ያመጣል ይላሉ፣ ከሰል፣ ሾርትብሬድ ብስኩትና ውስኪ ይዞ ነው የሚገባው። ጎረቤቴ ያሉ ሽማግሌ እኔን ካገኙ ወዲህ ሌላ ሰው አይጠብቁም፣ ከሰሉን ራሳቸው ገዝተው ቀን ላይ ያቀብሉኛል ሃሃሃ

ሶስና_ግላስጎው፦
ኪዳኔ አንተ ብርዱን ለምደኸው ነው እንጂ ብርድ የማትችል ሴትዮ በዲሴምበር ሌሊት ባህር ዳር አቁመህ እሳት እይ ልትላት ነው እንዴ? ቤቲዬ ኦገስት አድርጊው። እህትሽ የፈለገችው ኪልትና ባግፓይፕ ከሆነ ደግሞ ወቅቱ ሰመር ነው። ሃይላንድ ጌምስ የሚባለው ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር በየመንደሩ አለ፣ ትልቅ ሜዳ ላይ አንድ ጥግ ልጃገረዶች ይጨፍራሉ፣ አንድ ጥግ ባንዱ ይነፋል፣ መሃል ላይ ግንብ የሚያካክሉ ወንዶች ድንጋይና መዶሻ ይወረውራሉ። ሰው ሁሉ የሚያየው ግን ግንዱን ነው። ወደ 6 ሜትር የሚጠጋ ግንድ አቁመው አንስተው ሮጠው ይወረውሩታል፣ እኔ መጀመሪያ ሳይ ማን አራቀ የሚባል መስሎኝ ነበር፣ ለካ ርቀቱ አይቆጠርም፣ ግንዱ ተገልብጦ ከወርዋሪው ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ መውደቁ ነው የሚታየው። ይሄን ካላወቅሽ ሰዉ ለምን እንደሚያጨበጭብ አይገባሽም።

ታዋቂው ብሬማር ነው፣ የሴፕቴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ንጉሣውያኑ ስለሚመጡ ቲኬቱ ቀድሞ ነው የሚያልቀው፣ መኪና ለሌለው ሰውም መንገዱ አስቸጋሪ ነው። ለእናንተ የሚሻለው ዱኑን ነው፣ ኦገስት መጨረሻ፣ ከግላስጎው በባቡር ወርዳችሁ በጀልባ መሻገር ነው፣ ልጆቹ ጀልባውን ራሱ ይወዱታል። ኦገስት ላይ ግላስጎው ግሪን የዓለም ፓይፕ ባንድ ውድድርም አለ፣ ከባግፓይፕ ብዛት እህትሽ ራሷ በቃኝ ትላለች።

ኤድንብራም እኮ አይናቅም። ኦገስት ላይ ፍሪንጅ የሚባል የትርኢት ፌስቲቫል አለ፣ በ1947 ወደ ኤድንብራ ፌስቲቫል ያልተጋበዙ ስምንት የቲያትር ቡድኖች ዝም ብለው መጥተው የጀመሩት ነው፣ አሁን ከተማው ውስጥ ትርኢት የሌለበት ጓዳ የለም፣ መንገድ ላይ ያለውን ብቻ በነፃ እያዩ መዋል ይቻላል። ካስሉ በር ላይ ደግሞ ታቱ የሚሉት የወታደሮች የሙዚቃና የሰልፍ ትርኢት አለ፣ ዘነበ ተብሎ አይቀርም፣ የዝናብ ልብስ ያዙ። ችግሩ የማደሪያ ዋጋ ነው፣ ኦገስት ላይ ያብዳል። ግላስጎው እደሩና በባቡር ተመላለሱ፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም።

የደሴቱ_ልጅ፦
ሁለታችሁም የረሳችሁት አለ። ሼትላንድ፣ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ያሉት ደሴቶች ላይ፣ ለሥራ ኖሬ ስለነበር አፕ ሄሊ አ የሚሉትን የእሳት በዓል ሳላነሳ አላልፍም። የጃንዋሪ የመጨረሻው ማክሰኞ ዋና ከተማቸው ለርዊክ ላይ ነው፣ ቀኑ ለአየር ጠባይ ተብሎ አይቀየርም፣ በረዶም ይሁን ማዕበል ይወጣሉ። ሼትላንድ እስከ 1469 ድረስ የኖርዌይ ነበረች፣ ንጉሡ ለልጁ ጥሎሽ መያዣ ብሎ ነው ለስኮትላንድ የሰጣት፣ እና ሰዎቹ እስከ ዛሬ ራሳቸውን ከቫይኪንግ ነው የሚቆጥሩት። ለወራት በፈቃደኝነት የቫይኪንግ መርከብ ይሠራሉ፣ ቀለም ይቀቡታል፣ ያስጌጡታል፣ ከዛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ የመንገድ መብራት ይጠፋና ወደ ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ችቦ ለኩሰው ዞረው ዞረው ያንን የለፉበትን መርከብ ያቃጥሉታል። እኔ መጀመሪያ አንጀቴ ነው ያረረው፣ እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ! እነሱ ግን እየዘፈኑ ነው የሚያዩት። ከዛ እስኪነጋ በየአዳራሹ ጭፈራ ነው፣ በማግስቱ ከተማው ዝግ ነው። ለርዊክ ላይ ሴቶች በሰልፉ መግባት የጀመሩት በ2023 ነው፣ ከዛ በፊት ሻይና ሳንድዊች የሚያዘጋጁት እነሱ ነበሩ፣ ብዙ ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው።

ለቤቲ ግን አልመክርም። ከአበርዲን በመርከብ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚኬደው፣ የጃንዋሪ ባህር ደግሞ ያንገላታል፣ ከሁለት ልጅ ጋር በፍጹም። አዳራሾቹም በትውውቅ ወይ በቲኬት ስለሆነ ማንንም ሳታውቂ ብትሄጂ እሳቱን አይተሽ ሆቴል መግባት ነው። ለብቻችሁ ያላችሁ ሂዱ።

ቤቲ_በርሚንግሃም፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የሶስና ሃሳብ አሸነፈ መሰለኝ፣ ኦገስት መጨረሻ ዱኑን። ኪዳኔ አትቀየመኝ። ሁለት ጥያቄ ብቻ፣ ሃጊስ የሚባለውን እህቴ ትወደው ይሆን? ሌላው አፕሪል 30 ኤድንብራ ላይ የእሳት በዓል አለ ሲሉ ሰማሁ፣ እኔ በሌላ ጊዜ ልጆቹን ይዤ ብሄድስ?

ሶስና_ግላስጎው፦
ሃጊስ የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ከአጃና ከሽንኩርት ጋር ተፈጭቶ በጨጓራ የሚቀቀል ነው፣ ዱለት የምትወድ ከሆነች አትቸገርም፣ ቃሪያ ብቻ ነው የሚጎድለው። በባግፓይፕ ታጅቦ፣ ግጥም ተነቦለት፣ በቢላ ተሰንጥቆ የሚቀርበው ጃንዋሪ 25 በገጣሚያቸው በሮበርት በርንስ ልደት ማታ ነው፣ ግን ምግቡ ዓመቱን ሙሉ አለ። ጾም ላይ ከሆነች ያለ ሥጋ የሚሠራም ስላለ ወተትና ቅቤ እንደሌለበት ጠይቃ ትዘዝ።

አፕሪል 30 ያልሽው ቤልቴን ነው፣ ካልተን ሂል ላይ፣ በ1988 ነው እንደገና የጀመሩት። ከበሮው፣ እሳቱ ደስ ይላል፣ ግን ሌሊት ነው፣ ተዋናዮቹም ግማሾቹ ከቀለም በቀር ብዙም አይለብሱም። ልጆቹን ለሰው ሰጥተሽ ነይ፣ አብረን እንሄዳለን።