ክርክር፦ የራሴን ዕቃ በራሴ ሰው ሳወርድ ለማን ነው የምከፍለው?

ጠያቂዋ፦ ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ጎንደር ውስጥ ከአራዳ ወደ አዘዞ ቤት ቀየርሁ። ከአይሱዙው ሾፌር ጋር በ2,500 ብር ተስማማን፤ የሚያወርዱልኝ ወንድሞቼ በባጃጅ ተከተሉን። መኪናው ገና ሳይቆም አራት ወጣቶች መጡና «ሰፈሩ የእኛ ነው፤ ራሳችሁ ብታወርዱም 1,800 ብር ትከፍላላችሁ» አሉ። ያለኝ ሁለት አልጋ፣ አንድ ቡፌና የማድ ቤት ዕቃ ነው። ይህ ተገቢ ነው?

መምህር ከማራኪ፦ በፍጹም! ጉልበት የሚሸጠው ለሚገዛ ሰው ነው። አልጋዬን ቤቴ ለማስገባት ፈቃድ ልጠይቅ?

ጫኝና አውራጅ፦ መምህር፣ ጎንደር ዳገት መሆኗን ያውቃሉ። መኪና በማይደርስበት ኮረብታ ላይ ቁም ሳጥን ተሸክሞ የወጣ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። ሥራ በተገኘ ቀን ካልያዝን የቀረውን ቀን ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነው የምንውለው። ደግሞስ ከመንገድ የተጠራ ሰው ዕቃ ቢሰብር የት ይገኛል? እኛ ማኅበር አለን።

እናት ከፒያሳ፦ ማኅበር አለን አልህ ልጄ? ባለፈው ዓመት ምጣዴን ለሁለት ከፈሉት። ስንት ጊዜ በጎመን ዘር አሽቼ ያሟሸሁት ምጣድ ነበር! አዲሱ እስኪለምድ ስንት እንጀራ እንደተቀደደብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። የካሰኝ ቀርቶ ይቅርታ ያለኝ የለም።

ጫኝና አውራጅ፦ እማማ፣ እሱ ጥፋት ነው። ምጣድ ለባለቤቷ በእጇ ነው የሚሰጠው።

ወጣት ተከራይ፦ ለአጨዳ ወንፈል የሚወጣ አገር ለቡፌ ምን ገደደው? ጎረቤት ይጠራና ቡና ይፈላ።

መምህር ከማራኪ፦ ወንፈል ብድር ነው ወንድሜ። ተከራይ ዓመት ሳይሞላው ሰፈር ይለቃል፤ ብድሩን ማን ይመልሳል? አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ የ2 ዓመት ውል የሰጠኝ አከራይ አልገጠመኝም። ለማንኛውም ከጥያቄው አንሽሽ፤ ላልሠሩት ሥራ ለምን ይከፈላል?

ጫኝና አውራጅ፦ ላልሠራነውማ አይከፈል፤ እዚህ ላይ አልከራከርም። ግን ከባዱን ለእኛ ተዉልን። እህቴ፣ በመጨረሻ ምን አደረግሽ?

ጠያቂዋ፦ በ700 ብር ቡፌውን ብቻ ሰጠኋቸው። አራቱም ተረባርበው፣ የበሩን መዝጊያ ነቅለው ነው ያስገቡት። መዝጊያውን መልሶ የገጠመው ግን ወንድሜ ነው።