የኤዞፕ ተረቶች መድረክ ላይ፦ ምክሩን ማን ይናገር?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጥንቱን የግሪክ ተረተኛ የኤዞፕን አምስት ተረቶች አያይዘን በ6 ተዋንያን፣ በ45 ደቂቃ ልናቀርብ ነው። አንዱ ተረት ሲነበብ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ቃለ ተውኔት ስንጨምርበት ደግሞ ይንዛዛል። በምን እናርዝመው? መጨረሻ ላይ ያለውን ምክርስ ተራኪ ይናገረው?

መልስ 1፦
ንግግሩን ተዉትና ሙከራ ጨምሩ። ቀበሮዋና ቁራውን ውሰዱ፤ ቁራው በአፉ ሥጋ ይዟል፣ እሷ ልታስጥለው ትፈልጋለች። መጀመሪያ ላባውን ታድንቅ፤ ቁራው ዝም። ቀጥላ ንግሥና ይገባሃል ትበለው፤ ክንፉን ይዘርጋ፣ አፉን ግን አይክፈት። በሦስተኛው «ምን ያደርጋል፣ ድምፅ የለህም» ብላ ጀርባዋን ትስጠው። ያኔ ይጮሃል። ሥጋውን ከስፖንጅ ሥሩት፤ ክብደት ያለው ነገር መንጋጋ ያደክማል፣ ከሰዓቱ ቀድሞም ያመልጣል። ስፖንጅ ሲወድቅ ድምፅ ስለሌለው አንድ ሰው ከበሮ ይምታለት። ጭምብሉ ግማሽ ፊት ብቻ የሚሸፍን ይሁን፤ ሙሉው ድምፅ ያፍናል፣ የጎን እይታም ይጋርዳል። ልምምዱንም ከመጀመሪያው ሳምንት በጭምብል አድርጉት።

መልስ 2፦
የኤሊውንና የጥንቸሉን እሽቅድምድም ለብቻው አታቅርቡት። ኤሊው ትርኢቱ ሲጀመር ከመድረኩ አንድ ጫፍ ይነሳ፤ ሌሎቹ ተረቶች ሲተወኑም ከፊት ጠርዝ ላይ መሄዱን አያቁም። መድረኩ 9 ሜትር ከሆነ በደቂቃ 20 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ወለሉ ላይ በየሜትሩ ፕላስተር ለጥፉ፤ ከአንዱ ምልክት እስከ ቀጣዩ 5 ደቂቃ ይፈጃል። ምልክት ከሌለው ተዋናዩ ሳያውቀው ይፈጥናል።

ጠያቂ፦
እሱ ከተያዘ እኮ 5 ሰው ብቻ ቀረን!

መልስ 2፦
ቅርፊቱ ሰፊ ሆኖ ፊቱን ይከልል። መንገዱ መሃል ላይ ግንድ አቁሙና ከኋላው ተቀያየሩ።

መልስ 3፦
ሦስት ጊዜ መሞከሩ ለቁራው ይሠራል፤ በአምስቱም ከደገማችሁት ግን ተመልካች ቀድሟችሁ ይቆጥራል።

ምክሩን ቁረጡት። ብዙዎቹን ምክሮች በኋላ ዘመን ሰብሳቢዎች ናቸው የጨመሯቸው። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ራሱ ተረትን የሚቆጥረው ከተናጋሪ ማሳመኛዎች ጋር ነው፤ ትርጉሙ እንደ አጋጣሚው ይለዋወጥ ነበር። ከተረቱ ውስጥ የወጣ ንግግር ካለ በቂ ነው። ለምሳሌ የፌንጣዋና የጉንዳኖቹን ተረት ውሰዱ፤ በግሪኩ ዘፋኟ ፌንጣ ሳትሆን ሲካዳ ናት፣ በሙቀት ወራት የምትጮህ ባለ ክንፍ ነፍሳት። ጉንዳኖቹ በብርዱ ወራት የራሰ እህላቸውን ሲያሰጡ ተርባ ትመጣለች፤ «በሙቀቱ ከዘፈንሽ በብርዱ ጨፍሪ» ይሏታል። እዚህ ላይ መብራቱን ቶሎ አታጥፉት። ጉንዳኖቹ ማስጣታቸውን ይቀጥሉ፣ እሷ ቆማ ትያቸው፤ 5 ሰከንድ ያህል።