ኩቺንግ ለመኖር ለምትመጪው፦ ከኢባኑ ጎረቤቴ የሰማሁት

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)
ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ኩቺንግ፣ ማሌዥያ ልመጣ ነው። እዚያ የሀገር ሰው የለም ይባላል። ዕድርና ማኅበር በሌለበት ከተማ ሰው እንዴት ይኖራል?

መልስ (ከኩቺንግ)
እህቴ፣ አልዋሽሽም፤ የእኛ ሰው እዚህ በጣት የሚቆጠር ነው። እኔ ጉርብትናን የተማርኩት ከአንድ የኢባን ሽማግሌ ነው። እኛ አባባ እንደምንለው "አኪ" እላቸዋለሁ። ኢባኖች ኩቺንግ በምትገኝበት በሳራዋክ ግዛት በቁጥር ከሁሉም የሚበልጡ ነባር ብሔረሰብ ናቸው። ሆኖም በማሌዥያ ፎርሞች ላይ ማላይ፣ ቻይና፣ ሕንድ ተብሎ ከተዘረዘረ በኋላ ለረጅም ዘመን "ሌሎች" በሚለው ሣጥን ውስጥ ሲገቡ ኖረዋል። አኪ ይህን ሲያነሡ ይሥቃሉ፤ ሣቃቸው ግን የደስታ አይደለም። "ስለ አንድነት የሚሰብከኝ ሰው መጀመሪያ ስሜን ይጻፍ" ይላሉ።

ያደጉት ቤቶንግ አካባቢ፣ ረጅም ቤት ውስጥ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ሃያ ሠላሳ ቤተሰብ ጎን ለጎን የሚኖርበት፣ በምሰሶ ላይ የቆመ ቤት ነው፤ ትልቅነቱም የሚነገረው በበሮቹ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ "ቢሊክ" የሚባል የራሱ ክፍል አለው። ከበሮቹ ፊት ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋው በረንዳ "ሩአይ" ይባላል። ምንጣፍ የሚሠራውም፣ መረብ የሚጠገነውም፣ እንግዳ የሚቀመጠውም፣ ጠብ የሚዳኘውም እዚያ ነው። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ ሩአይን በኮሚቴ የሚያሠራ የለም። እያንዳንዱ ቤተሰብ በበሩ ፊት ያለውን ወለል ራሱ ያነጥፋል፣ ራሱ ይጠግናል። የበሰበሰው ሳንቃ የማን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሚራመድበት ግን ሁሉም ነው።

አሁን እኔና አኪ የምንኖረው ኩቺንግ፣ በተርታ በተሠሩ ቤቶች ውስጥ ነው፤ ሁሉም የብረት በሩን ቆልፎ ይገባል። በሁላችንም ደጅ የሚያልፍ አንድ የዝናብ ውኃ ቦይ አለ። እዚህ በዓመት ከ4,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ከአዲስ አበባው ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። የአንዱ ደጅ በቅጠል ከተደፈነ ውኃው ከላይ ያለውን ጎረቤት ግቢ ያጥለቀልቃል። አኪ ሰማዩ ሲጠቁር መኰትኰቻቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ የራሳቸውን ደጅ ጨርሰው የቻይናዊቷን አሮጊት ደጅ ይቀጥላሉ፣ ቅጠሉን ቦዩ ጠርዝ ላይ ይከምሩታል። አንድ ቀን ለምን እንደሚደክሙ ብጠይቃቸው "እሷ ካልጠረገች የሚሰጥመው የእኔ ግቢ ነው" አሉኝ። ስለ አንድነት ከሰማሁት ንግግር ሁሉ የሚያሳምነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ደግነት ብቻ አይደለም፣ ሒሳብም አለበት።

አስተያየት (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)
ወንድሜ፣ ይህ ለጥቂት ሰው ይሆናል። እኛ ዘንድ መተዳደሪያ ደንብና መዋጮ ባይኖር አስከሬን እንኳን ወደ ሀገር መላክ አይቻልም ነበር።

መልስ (ከኩቺንግ)
እውነት ነው፤ ረጅም ቤቱም ያለ ደንብ አልቆመም። "ቱዋይ ሩማ" የሚባል አለቃ አለው፤ አዳትን፣ ማለትም የባህል ሕጉን፣ የጣሰ ይቀጣል። እኔን የሚያሳዝነኝ በየከተማው ያሉት ማኅበሮቻችን በሊቀ መንበርነትና በማኅተም ሲጣሉ፣ የታመመ የሚጠይቅ፣ አዲስ መጪ የሚቀበል ሰው መጥፋቱ ነው። ኩቺንግ ራሷ ከ1988 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰሜንና ደቡብ ተብላ ለሁለት ማዘጋጃ ቤቶች የተከፈለች ናት፤ ሰው ግን ዳሩል ሃና በሚባለው የእግር ድልድይ እየተሻገረ ይውላል። ቡና ቤት ብትገቢ በአንድ ጣሪያ ሥር የቻይናው ኑድል፣ የማላዩ ላክሳ (ቅመም የበዛበት የኑድል ሾርባ)፣ የዳያኩ (ኢባንን ጨምሮ የነባር ሕዝቦች የጋራ ስም ነው) በቀርከሃ የበሰለ ዶሮ ለየብቻ ይሸጣል።

አኪ ግን ያለፈውን ጊዜ ትንሽ ያሳምሩታል። ወጣቱ ለሥራ ከረጅም ቤት ወጥቷል፤ ብዙ ቢሊክ ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ የሚከፈተው በፈረንጆቹ ጁን 1 (ግንቦት 24 ገደማ)፣ ለጋዋይ ዳያክ የመከር በዓል ነው። የራሳቸው ልጆችም ሲንጋፖር ናቸው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)
በዓሉ ላይ ብጋበዝ ምን ልያዝ? ሌላስ ምን ልወቅ?

መልስ (ከኩቺንግ)
ብስኩት ወይም ፍራፍሬ ይበቃል። "ቱዋክ" የሚሉትን የሩዝ ጠላ ያቀርቡልሻል፤ የማትጠጪ ከሆነ በፈገግታ ንገሪያቸው፣ የሚቀየምሽ የለም። ሰላምታው "ጋዩ ጉሩ ገራይ ኛማይ" ነው፤ ዕድሜና ጤና እንደ ማለት።

ሳራዋክ የራሷ የኢሚግሬሽን ሥልጣን ስላላት፣ ከኳላ ላምፑር ብትመጪም ፓስፖርትሽ ኩቺንግ ላይ እንደገና ይታያል። የተማሪ ፈቃድሽ ሳራዋክን የሚመለከት መሆኑን ከመሳፈርሽ በፊት ዩኒቨርሲቲውን ጠይቂ። አውቶቡስ ጥቂት ነው፤ ቤት ስትከራዪ ከግቢው አትራቂ። ሊጥ በዚህ ሙቀት ቶሎ ይቦካል፤ በአዲስ አበባ ልማድ ካቆየሽው ይኮመጥጥብሻል። ለጾም ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ ነው) እና "ሚዲን" የሚባል የዱር ቅጠል ከዳያክ ሴቶች ገበያ ታገኛለሽ፤ በነጭ ሽንኩርት ሲጠበስ ይጣፍጣል። በርበሬሽን በሁለት ፌስታል አሽገሽ አምጪ፤ እርጥበቱ ያሻግተዋል።